ለሐረጎ ዳገት የተገዛ ሞተር

ኮምቦልቻ ከገባሁ ወዲህ ጠዋት ጠዋት የሚቀሰቅሰኝ የከባድ መኪና ድምፅ ነው፤ ሾፌሩ ወደ ደሴ የሚያወጣውን የሐረጎን ዳገት ሊጀምር ሲል ማርሽ ይቀንስና ሞተሩ እያጓራ ሽቅብ ይሄዳል። ያን ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ካርቱም፣ አርካዊት ሰፈር ያደግሁበት ግቢ ይመጣብኛል፤ አባዬም ገና ሳይነጋ መኪናውን አስነስቶ ሰፈሩን ሁሉ ይቀሰቅስ ነበር።

አባዬ የወሎ ሰው ነው፤ ከጀዚራ እርሻዎች ቲማቲም እየጫነ ካርቱም ገበያ ያደርስ ነበር። መኪናዋ የራሱ ነበረች፣ ዕድሜዋም ከእኔ ይበልጥ ነበር። አንድ የብርድ ወራት ሞተሯ ነክሶ አልዞር ብሎ ቆመችና እሱና የእማዬ ወንድም፣ አጎቴ ሰይድ፣ ያገለገለ ሞተር ፍለጋ ወጥተው ሁለት አገኙ፤ ከዚያ በኋላ የትኛው ይገዛ በሚል ግቢያችን ውስጥ ሲከራከሩ ሰነበቱ። አንደኛው የፈረስ ጉልበቱ ብዙ ነው፣ ግን ጉልበቱን የሚሰጠው በኃይል ሲሽከረከር ብቻ ነው። ሌላው አሮጌ ነው፣ የፈረስ ጉልበቱም በእጅጉ ያንሳል፣ ነገር ግን ገና ዝግ ብሎ ሲዞር ጀምሮ ይስባል።

«ያ ዞል፣ አንተ ሰው፣ የፈረሱን ቁጥር እየው እንጂ» ይል ነበር አጎቴ ሰይድ።

«ቁጥሩ ባዶህን ስትሮጥ ነው የሚጠቅምህ» ይለዋል አባዬ፤ «ይኼ አሮጌው ሙሉ ጭነት ይዞ ዳገት መሀል ቢቆም እንኳ ተነስቶ ይወጣል።»

እማዬ ካርቱም ሁለት የሰው ቤት ስትሠራ ውላ ገብታ እግሯን እየታጠበች ትሰማቸው ነበርና፣ «አንተ ሰውዬ፣ ካርቱም ውስጥ ዳገት የት አየህ?» አለችው። ሁላችንም ሳቅን። እሱም ስቆ ስቆ በማግስቱ አሮጌውን ገዛ።

ሙቀቱ ሲገባ ሳቁ ቀረ። የሌሎቹ መኪኖች ሜዳውን እየበረሩ ሲያልፉት የእኛዋ እያዘገመች፣ ገበያው ከተፈታ በኋላ ትደርስ ነበር፤ ከሥር ያለው ቲማቲም በሙቀት እየፈረጠ፣ ያልተሸጠው ወደ ቤት እየመጣ፣ ቁርሱም ምሳውም እራቱም ቲማቲም ሆነ። ታናሽ ወንድሜ ቲማቲም ሲያይ ማልቀስ ጀመረ። እማዬ ሌላ ቤት ልብስ ማጠብ ጨመረች፣ አልበቃም፤ የሚቀጥለውን ዓመት እኔ ትምህርት ቤት መግባቴ የሚያጠራጥር ሆነ።

ዝናቡን እዚያ ኸሪፍ ይሉታል፤ በኸሪፍ የእርሻው መንገድ ጭቃ ይሆንና እነዚያ በራሪ መኪኖች ሁሉ እዚያው ይቀረቀራሉ። ያኔ አባዬ ሽቦ ገመዱን አስሮ፣ በመጀመሪያ ማርሽ፣ ሳይጣደፍ፣ አንድ በአንድ በክፍያ ያወጣቸው ነበር፤ ማታ ሲገባም እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኖ፣ «ሰይድ ሆይ፣ ፈረሶችህ ዛሬ የት ዋሉ?» እያለ አጎቴን ያበሽቀዋል። ያን ሰሞን ቤታችን ሥጋ ገባ። ግን የካርቱም ዝናብ ምን ዕድሜ አለው፤ ጭቃው ደረቀ፣ መኪኖቹም መብረራቸውን ቀጠሉ።

አንድ ቀን እራት ላይ እማዬ ሳህኑን ገፋ አድርጋ፣ «ልጅቷ ከትምህርት ልትቀር ነው። ይኼን ሞተር የሙጥኝ ያልከው ለምንድነው?» አለችው።

አባዬ የጎረሰውን አላምጦ ዋጠ። «ሐረጎን ልወጣበት ነው» አለ በኋላ፤ «እናንተን ከነዕቃችሁ ጭኜ አገሬ ልገባ፣ ኢንሻአላህ። ያኛው እዚያ አያደርሰንም።»

ማንም አልሳቀም። አገሩን የረሳ ይመስለን ነበር፤ ለካ ያን ሁሉ ጊዜ በልቡ ዳገት እየወጣ ኖሯል።

«ልጆቹ የሚማሩት እዚህ ነው» አለች እማዬ፣ በጣም ቀስ ብላ።

ብርዱ ሲመለስ አባዬ ራሱ አጎቴን ጠርቶ፣ «ያላ፣ የሚሮጠውን እንፈልግ» አለው። አሮጌውን ሞተር ለአንድ የድንጋይ ጫኝ ሸጠውና ብዙ ፈረስ ያለውን አስገጠመ። ቲማቲሙ ሳይፈርጥ መድረስ ጀመረ፣ እኔም አዲስ ቦርሳ ይዤ ትምህርት ቤት ገባሁ። ከዚያ ወዲያ ስለ ሐረጎ ሲያነሳ ሰምቼው አላውቅም።

አባዬ ሞቶ እዚያው ካርቱም ተቀበረ። ጦርነቱ ሲመጣ እኔና እማዬ በሰው መኪና ወጣን፤ እዚያ የተማርኩት ትምህርት ነው እዚህ ሥራ ያስያዘኝ፣ ልጄንም የማሳድገው በእሱ ነው። ያኔ አባዬ ክርክሩን ተሸንፎ ሞተር የቀየረ መስሎኝ በቦርሳዬ ስፈነጥዝ ነበር። አሁን ልጄን ትምህርት ቤት አድርሼ ስመለስ፣ አገሩ መግባቱን ለእኔ ብሎ እንደተወው አስባለሁ። ሳመሰግነው ሊሰማኝ የሚችልበት ጊዜ ብዙ ነበር፣ ያኔ አልገባኝም፤ አሁን ገብቶኛል፣ እሱ ግን የለም።