የወፍጮ ቤቱ ተራ

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም። ትምህርቴ ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም፤ ሰው ፊት መናገርም ያሳፍረኛል። ሰሞኑን ግን የሠፈራችን ዕድር ኮምፒውተር ሊያስገባ ነው ተብሎ አንድ ወጣት ወረቀት ይዞ ሽማግሌዎቹን ሲጠይቅ አየሁና የራሴ ነገር ትዝ አለኝ።

ያን ጊዜ አሥራ ስምንት ዓመቴ ነበር። ደብረ ታቦር ገበያው አጠገብ፣ በጋሼ ደሳለኝ ወፍጮ ቤት እህል ተቀብዬ ተራ የማስይዘው እኔ ነኝ። ክረምቱ ቢወጣም መንገዱ ገና ጭቃ ነው። ጋሼ ተራው በኮምፒውተር ይሁን ብለው ያሬድ የሚባል ዩኒቨርሲቲ የጨረሰ ልጅ አመጡ። ያሬድ ሥራውን ከመጀመሩ በፊት ፕሮግራሙ ምን ምን እንደሚሠራ በወረቀት ተጽፎ እንዲፈረም ፈለገ።

«ከተፈረመ በኋላ አልነካካውም» አለ።

ቀላል መስሎኝ ነበር። ጋሼ ግን ልጁ በመጣ ቁጥር አዲስ ነገር ይጨምራሉ። አንድ ቀን ስም በድምፅ ማጉያ ይጥራ አሉ፤ ሌላ ቀን መብራት ሊጠፋ ሲል ቀድሞ ይንገረኝ አሉ።

«ጋሼ፣ እሱን መብራቱ ራሱም አያውቀውም» አለ ያሬድ።

እኔ ዱቄት እየቦነነብኝ እሰማለሁ። ዋናውን ነገር፣ ማን ማንን እንደሚቀድም፣ የሚያነሳ የለም።

በአራተኛው ቀጠሮ ያሬድ «ተራው በመጡበት ቅደም ተከተል ብቻ ነው፣ አይደል?» አለ።

«ብቻ! እኔ ቤት አድልዎ የለም» ብለው ጋሼ እስክሪብቶውን ተቀበሉ።

ወዲያው አንዲት ሴት ጤፍ አሸክማ ገባች። ጎረቤቷ ልጅ ሞቶባት ለለቀስተኛ የሚጋገር ነበር። ጋሼ ቀና ብለው «አስቀድሚላት!» አሉኝና ሊፈርሙ አጎነበሱ።

አላስቻለኝም። «ጋሼ፣ አሁን ያሉኝን እኮ ወረቀቱ ላይ አላስጻፉትም» አልኩ።

«ይኼ ተራ ማፍረስ ነው እንዴ? ሐዘን እኮ ነው!»

ያሬድ ራሱን ያዘ። «ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«ይኼ ምኑ ይነገራል? ማን የማያውቀው!»

አንዴ ጀምሬያለሁ ብዬ፣ ነጭ ጤፍ ከዳጉሳ በኋላ ከተፈጨ ዱቄቱ እንደሚጠቁር ተናገርኩ። ያሬድ ሁለቱንም ጻፈ። ራቅ ካለችው ከገሳይ የሚመጡት የመጨረሻው መኪና እንዳያመልጣቸው እንደሚቀድሙ ልጨምር ስል ጋሼ «ምነው፣ ወፍጮው ያንቺ ሆነ እንዴ?» አሉኝ። ተራ ጠባቂው ሁሉ ሳቀ። ፊቴ ጋለ። ያሬድ «ሌላ የቀረ አለ?» ሲለኝ «የለም» አልኩት። ተፈረመ።

ፕሮግራሙ እስከ ዛሬ ይሠራል። ሐዘንተኛ ያስቀድማል፣ ነጭ ጤፉን ይለያል። የገሳይን ሰው ግን አያውቅም። ተራው ግድግዳው ላይ በተሰቀለው ስክሪን ስለሚታይ፣ በእጄ ላስቀድም ብል ሰው ይጮህብኛል። ጋሼን ይስተካከል ብዬ ብለምናቸው «አንቺ አይደለሽ የለም ያልሽው?» ይሉኛል። እውነታቸውን መሆኑ ነው ይበልጥ የሚያናድደኝ።

ባለፈው ቅዳሜ የገሳይዋ እማማ ጥሩነሽ፣ ዱሮ ሁልጊዜ የማስቀድማቸው፣ ተራ ሲጠብቁ መኪናው ጥሏቸው ሄደ። «ኮምፒውተሩ ነው እማማ» አልኳቸው። ነጠላቸውን አጣፍተው ስክሪኑን አዩት፤ ከዚያ እኔን አዩኝ።

«እሱስ አያውቀኝም ልጄ፤ አንቺም አታውቂኝም?»