የቃሬዛው ተራ

ትዕዛዙ የደረሰን ማለዳ ነበር፤ የውኃ ቦቴ አጅባችሁ ውጡ የሚል። ሶማሊያ በአፍሪካ ሰላም አስከባሪነት ስንዘምት አብዛኛው ሥራችን ይኸው ነበር፤ ለውኃና ለዱቄት ዘብ መቆም። እኛ አንድ ጓድ ኢትዮጵያውያን ነን። ከፊታችን አምስት ቡሩንዲዎች በአንድ መኪና ይሄዳሉ። ከቀትር በፊት መኪናቸው ፈንጂ ረገጠ። ሁለቱ እዚያው ቀሩ። ተኩሱ ከሦስት በኩል መጣ፤ ቦቴው ነደደ። የተረፍነው መንገድ ዳር ያለ አሮጌ የፓምፕ ቤት ውስጥ ገባን።

ቤቱ በር የለውም። ግማሽ ጣሪያው ወድቋል፤ የቀረው ቆርቆሮ ግሎ አናታችንን ይጠብሳል። መትረየስ ተኳሻችን አበራ በመስኮቱ ቀና ሲል ተመታ፤ አልተነሣም። ከቡሩንዲዎቹ አንዱ፣ ኢኖሰንት የሚሉት፣ ጭኑን ቆስሏል። ደፋር ነበርኩ ብል ውሸት ነው። ግድግዳው እየጠበበ የሚመጣብኝ ይመስለኝ ነበር። ቋንቋቸውን አናውቅም፤ የእኛን አያውቁም። እኔ ግን ቤቴ የሚወራው ሸኮኛ ስለሆነ፣ አማርኛም የለመድኩት ሚዛን ትምህርት ቤት ገብቼ ስለሆነ፣ በእጅና በዓይን መግባባት አዲስ አልሆነብኝም።

ወደ አሥር ሰዓት ግድም ሬዲዮው ተናገረ። ብረት ለበስ ይመጣል፤ ግን ደረቁን ወንዝ አይሻገርም። ሲመሽ ሮጣችሁ ድረሱ፤ ብዙ አይጠብቅም። «ሮጣችሁ» ሲባል ሁላችንም ኢኖሰንትን አየን።

የሁላችንንም ሐሳብ ያወጣው ታደሰ ነው፤ የቴፒ ልጅ፣ የአገሬ ልጅ።

«የእነሱን ሰው እነሱ ይሸከሙ። እኛም እናት አለን።»

አልተቆጣሁትም። የቀሩት ሁለት ቡሩንዲዎች ብቻቸውን ቃሬዛ ይዘው መሮጥ እንደማይችሉ ግን እሱም ያውቃል። ሁለታችንም ያደግነው ክረምት መንገዱ በጭቃ ሲዘጋ በሽተኛ በቃሬዛ ወደ ከተማ በሚወርድበት አገር ነው። ቃሬዛ ያጋጠመው መንገደኛ ዕቃውን አስቀምጦ ትከሻውን ይሰጣል። የማን ቤተሰብ እንደሆነ የሚጠይቀው ተራውን ተሸክሞ ሲለቅ ነው።

«ታዴ፣ ቴፒ መንገድ ላይ ብታገኘው ምን ታደርግ ነበር?» አልኩት።

ተነሣ። ከወደቀው ጣሪያ ሁለት አጣና ጎትቶ ሸራ አሰረባቸው። የፊቱን ግራ ራሱ ያዘ።

ፀሐይ ስትጠልቅ ወጣን። አራት ይሸከማል፣ የቀረው ይተኩሳል። ቡሩንዲዎቹ ተራውን ማንም ሳያስረዳቸው ገቡበት። ወንዙ አፋፍ ላይ ታደሰ ደረቱን ተመቶ ወደቀ። ቃሬዛው መሬት ሳይነካ ሌላ ትከሻ ገባ። ክላቨር የሚባለው ረጅሙ ቡሩንዲ ታደሰን አዘለው። ወንዙ መሃል ጆሮዬን ባስጠጋ ትንፋሹ የለም። አውርደው፣ አንተም ትሞታለህ ብዬ በእጄ ነገርኩት። እምቢ አለ። ብረት ለበሱ እስኪደርስ አላወረደውም።

ሰፈር ገብተን ተቆጠርን። የሞቱት አራት፤ ከእኛ አበራና ታደሰ፣ ከእነሱ ፈንጂው ላይ የቀሩት ሁለቱ። ኢኖሰንት ተርፏል።

እናንተ ወጣቶች ሸኮነት፣ ኢትዮጵያዊነት፣ አፍሪካዊነት፣ የቱ ይቀድማል እያላችሁ ስትከራከሩ እሰማለሁ። እኔ በክርክሩ አልበረታም። ቴፒ ለቅሶ ልደርስ የሄድኩ ቀን ግን ከደጃፉ ልመለስ ቃጥቶኝ ነበር፤ ታደሰን ወደ ቃሬዛው ያስጠጋው የእኔ ጥያቄ ነውና። እናቱ አጠገቧ አስቀመጠችኝ። እንዴት ሞተ አላለችኝም።

«ልጄን ማን አነሣው?» አለች።

ክላቨር የሚባል ቡሩንዲ አዝሎት ወንዙን እንደተሻገረ ነገርኳት። ከለቀስተኞቹ አንዱ፣ ቡሩንዲ እኮ በጣም ሩቅ አገር ነው አለ። እሷ ወደ ሰውዬው ዞር አለች።

«ሩቅ ቢሆን ልጄን ያዝለው ነበር?»