ወደ ግራ የተጠመጠመው ቴፕ

ሠፈሩ ሁሉ «ጋሼ በረዶ» ይለዋል። ሠላሳ ዓመት የሰው ፍሪጅ ሲጠግን ኖሯል፤ ገና ከደጅ ሆኖ የሞተሩን ድምፅ ሰምቶ በሽታውን የሚናገር ሰው ነው። የራሱ ቤት ፍሪጅ ግን ወር ሙሉ ያስቀመጡበትን ሁሉ በረዶ ያደርጋል። ወተቱ ድንጋይ፣ ቲማቲሙ ኳስ። ሚስቱ በነገረችው ቁጥር መልሱ አንድ ነው፤ «ነገ አየዋለሁ።»

እሷ ደግሞ የስኳር ሕመምተኛ ናት። ኢንሱሊኗ የሚቀመጠው እዚያው ፍሪጅ በር ላይ ነው። አንዴ በረዶ የሠራ ኢንሱሊን አለቀለት፤ ይጣላል እንጂ አይወጋም።

አንድ እሑድ ጠዋት ሰላጣው እጁ ላይ እንደ መስታወት ሲሰበር ጋሼ በረዶ የመሣሪያ ሳጥኑን አወጣ። እንደ ልማዱ ከቀላሉ ጀመረ። የቅዝቃዜ መዞሪያው ሁለት ላይ ነው፤ የነካው የለም። የበሩን ጎማ ወረቀት አስነክሶ ጎተተው፤ አጥብቆ ይዟል። ሞተሩን ግን ግማሽ ሰዓት ቢጠብቀው አላርፍ አለ። የቀረው ቴርሞስታቱ ነው፤ በተለይ ቅዝቃዜውን የምትለካው ቀጭን የመዳብ ቱቦ። እሷ ከውስጠኛው ግድግዳ ቀዝቃዛ የብረት ሳህን ከተላቀቀች «ገና አልበረደም» እያለች ሞተሩን ስታስሮጥ ትውላለች።

የውስጡን ክዳን ፈታ። እንዳለውም ቱቦዋ ተንጠልጥላለች። ጫፏ ላይ ግን እርጥበት የላጠው ጥቁር ቴፕ አለ። እሱ እዚህ ቦታ ቴፕ አያስርም። ብርድ ሙጫውን ይገድለዋል፤ በብሎን ነው የሚያጠብቀው። ቀረብ ብሎ አየ። ጥምጥሙ ወደ ግራ ነው።

ካቻቢቴው እጁ ላይ ቀረ።

ወደ ግራ የሚጠመጥም አንድ ሰው ነው የሚያውቀው፤ ግራኙ። ሰባት ዓመት አጠገቡ አስቀምጦ ሙያ ያስያዘው፣ ዛሬ ከመንገዱ ማዶ የራሱን ሱቅ የከፈተው ግራኙ። በየጠዋቱ «ጋሼ፣ የቤቱ ፍሪጅ እንዴት አደረ?» ይለዋል። ጋሼ በረዶ ቀልድ መስሎት ሲስቅ ከርሟል።

ሚስቱን ጠራት። የምታጥፈውን ልብስ እንደያዘች መጣች።

«ግራኙ እዚህ ቤት መቼ ገባ?»

አልካደችም። «አንተ የሆቴሉን ማቀዝቀዣ ክፍል ልትሠራ የሄድክ ሰሞን ነው» አለችው። መድኃኒቷ በረዶ ሆኖ የተጣለ ዕለት። ግራኙ አልነካም ብሎ ነበር፤ ለምናው፣ ለጋሼ ትንፍሽ እንዳይል አስምላው ነው የነካው። ቴፑም አራት ቀን ያዘና ለቀቀ።

«ከሰው ሁሉ እሱን? እኔ ባስተማርኩት ልጅ ፍሪጄን ታስፈትሺ?»

«አንተን ነበር የፈለግሁት። አንተ ደግሞ ነገ ነህ።»

ደሙ ፈላ። አፉን ሊከፍት ሲል ዓይኑ የበሩ መደርደሪያ ላይ አረፈ። ባዶ ነው።

«መድኃኒትሽስ?»

የያዘችውን ልብስ እያጠፈች ነገረችው። ጎረቤት ልብስ ሰፊዋ ጋ ነው፤ ሦስት ሳምንት ሆነው። የልብስ ሰፊዋን ፍሪጅ ሁለቴ የጠገነው እሱ ነው። ባለፈው ሳምንት እንኳ ቤቷ ሲገባ ከዚያው ፍሪጅ ቀዝቃዛ ውኃ አውጥታ አጠጥታዋለች። የሚስቱ መድኃኒት ከጠርሙሱ አጠገብ ተቀምጦ፣ ሴትዮዋ እየሳቀች «ጠጣ እንጂ ጋሼ፣ የእጅህ ሥራ ነው» ብላዋለች። ሁሉም ያውቃሉ ማለት ነው። ያላወቀው የፍሪጁ ባለቤት ብቻ ነው፤ ያውም በየቀኑ ያን በር እየከፈተ፣ እየዘጋ።

ቴፑን ልጦ ጣለ። ቱቦዋን ሳህኑ ላይ አስተኝቶ በብሎን አሰረ፣ ክዳኑን ገጠመ። ውኃ በብርጭቆ ሞልቶ ቴርሞሜትር ነከረበትና መሐል መደርደሪያው ላይ አስቀመጠው። ከዚያ ዱካ ስቦ ፍሪጁ ፊት ቁጭ። ምሳ ቀረበለት፤ አልነካውም። ሞተሩ ሲያርፍ ሰዓቱን ያያል፤ ሲነሳ ያያል።

አመሻሹ ላይ በሩን ከፍቶ ጠራት።

«አራት ዲግሪ። ራስሽ አንብቢው። በይ አሁን ሂጂና መድኃኒትሽን አምጪ።»

ጎንበስ ብላ ብርጭቆውን አየች። ቁጥሩን ሁለቴ አነበበች። ከዚያ በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው።

«ነገ አመጣዋለሁ» አለችው።