የአባቴ ሸራና የጉዮ ቁርበት

ባለፈው ቅዳሜ ልጄ ሰሚራ ሞያሌ ባለው ግቢያችን ውስጥ ድንኳን ተከለች። ድንኳኑ ከናይሮቢ በአውቶቡስ ተልኮላት የመጣ ነው፤ ሲጠቀለል ከትራስ አይበልጥም፣ ሲዘረጋ ሁለት ሰው ያስተኛል። በሚቀጥለው ሳምንት ከጓደኛዋ ከቱሜ ጋር ማርሳቢት ሄደው፣ ተራራው ላይ ጫካው መሃል ካለው ሐይቅ አጠገብ ሊሰፍሩ ነው። የሚያሳስብ ነገር የለውም። መንገዱ አስፋልት ሆኗል፤ ቁርስ በልቶ የተነሳ ለምሳ ይደርሳል። ቱሜ የድንኳኑን ዘንግ ትገጣጥማለች፣ ሰሚራ በስልኳ ፎቶ ታነሳለች፣ ዶሮዎቻችን ደግሞ አዲስ ቤት የተሠራላቸው መስሏቸው ይገቡበታል።

«አባ፣ እዚያ ስንደርስ የት ብንተክለው ይሻላል?» አለችኝ ሰሚራ። «ውሃው ጥግ ነው አይደል? ጠዋት ስንነሳ ሐይቁ ፊት ለፊታችን እንዲሆን።»

የያዝኩትን ሻይ አስቀመጥኩ። ሠላሳ ዓመት ግድም ሆኖታል፤ እኔም ያንኑ ሐይቅ አይቼ ያንኑ ነበር ያሰብኩት።

የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበርኩ። ትምህርት ቤታችን የዱር እንስሳት ክበብ ነበረው፤ እኛ የክበቡ አባላት ግን ከግመልና ከፍየል የሚበልጥ እንስሳ በቅርብ አይተን አናውቅም። አንድ ዓመት የክበቡ መምህር፣ ከታች አገር፣ ከናይሮቢ በኩል የመጣ ትዕግሥተኛ ሰው፣ በሚያዝያ ዕረፍት ማርሳቢት እንደሚወስደን ነገረን። ትምህርት ቤቱ ያለው ሁለት ድንኳን ብቻ ነው፤ አንዱ ለሴቶቹ፣ አንዱ ለእሱ። «ለወንዶቹ መጠለያ ማን ያመጣል?» ብሎ ሲጠይቅ እጄን አወጣሁ። በዚያ ዕድሜዬ የማላወጣበት ጥያቄ አልነበረም።

አባቴ ነጋዴ ነበር። በኢትዮጵያ በኩል ቦሎቄ ይገዛል፣ በኬንያ በኩል በሎሪ ጭኖ ናይሮቢ ይልካል። ጭነቱን የሚሸፍንበት ትልቅ አረንጓዴ ሸራ ነበረው፤ እኛ ጋ ቱሩባይ ይሉታል። ያን ሳምንት አባቴ ድንበር ተሻግሮ ቦሎቄ ሊገዛ ሄዷል፤ ሰኞ ተመልሶ ይጭናል። እኛ ደግሞ ሐሙስ ሄደን እሁድ እንመለሳለን። ምን ይጠየቃል ብዬ ሸራውን ከመጋዘን አወጣሁት። ለእናቴም «አባ ያውቃል» አልኳት። ችግሩ ዝናቡ ነው። የሚያዝያ ዝናብ ዛሬ ነገ እያለ ነበር፤ ያለ ሸራ የተጫነ ቦሎቄ ደግሞ ናይሮቢ ሳይደርስ ይበቅላል። ሸራው እሁድ ማታ ደህና ሆኖ መጋዘኑ ውስጥ መገኘት እንዳለበት ከቤት ስወጣም አሳምሬ አውቅ ነበር።

የሄድነው ፍየል በጫነ ሎሪ ላይ ነው። ፍየሎቹ ከታች፣ እኛ ከላይ በብረቱ ላይ ተንጠልጥለን። መንገዱ ያኔ ድንጋይና አቧራ ነው፤ ሰፊውን በረሃ ስናቋርጥ ጥርሳችን ውስጥ አሸዋ እናኝክ ነበር። አጠገቤ የተቀመጠው ጉዮ ነበር። ጉዮ ከብት አርቢዎቹ የሚኖሩበት ቆላ፣ የጎልቦ ልጅ ነው፤ ሞያሌ ዘመድ ቤት ሆኖ ይማራል። አባቱ ከብት አርቢ ነው፤ ከጥልቅ ጉድጓድ ውሃ እየቀዱ መንጋ ከሚያጠጡት ሰዎች አንዱ። ሌሎቻችን ብርድ ልብስ ስንይዝ እሱ የያዘው አንድ የለፋ የፍየል ቁርበትና በቆርቆሮ ጣሳ የታጨቀ ኮቼ ነው፤ ደርቆ ተጠብሶ በቅቤ የተዘፈቀ ሥጋ። እኔ የያዝኩት ብስኩት መንገዱ መሃል ካለችው ቱርቢ ሳንደርስ ስላለቀ ቀሪውን መንገድ የእሱን ኮቼ በላን። ስንበላ ደግሞ በእጁ እየቆነጠረ ቀድሞ ለእኔ ይሰጠኝ ነበር።

ማርሳቢት ሲደረስ አየሩ በአንድ ጊዜ ይለወጣል። ከበረሃው ወጥተህ ጭጋግ ውስጥ ትገባለህ። ዛፎቹ ረጃጅም ናቸው፤ ከቅርንጫፎቻቸው የሽማግሌ ጢም የመሰለ ነገር ተንጠልጥሏል፣ ከእሱም ውሃ ይንጠባጠባል። ማንም ሳይቀዳው፣ ማንም ሳይሰለፍለት ውሃ እንዲያው ከዛፍ ላይ ሲወርድ ማየት ለእኛ ለሞያሌ ልጆች የሚገርም ነገር ነበር። አንዷ ልጅ አፏን ከፍታ ከቅርንጫፉ ሥር ቆመች፤ አልሳቅንባትም፤ ወረፋ ይዘን ቆምን እንጂ።

ከተማ አድረን ዓርብ ቀን ወደ ሐይቁ ወረድን። የጫካው ጠባቂ በሩ ላይ ነግሮናል፦ «ከላይ ሣሩ ላይ ስፈሩ፤ እኔና መምህራችሁ ወረቀቱን ጨርሰን እንመጣለን።» መምህሩም ዕቃውንም ልጆቹንም ለእኔ አደራ ሰጥቶ ወደኋላ ቀረ። ሐይቁ ተራራው አናት ላይ እንደ ጎድጓዳ ሳህን በገባ ቦታ ውስጥ ነው፤ ዙሪያውን ጫካ ነው። ገና እንዳየሁት የጠባቂው ቃል ከጭንቅላቴ ጠፋ።

ይህን ለመረዳት ሞያሌን ማወቅ ያስፈልጋል። ሞያሌ ያደገ ሰው ውሃን የሚያውቀው በጀሪካን ነው። ቦቴ መጣ ከተባለ ትሮጣለህ፤ ጀሪካንህን ቀድመህ ካስቀመጥክ ተራው ያንተ ነው። አንተ ቤት ሄደህ ብትተኛ እንኳ ጀሪካንህ ቆሞልህ ይውላል። ውሃ አይቶ ራቅ ብሎ የሚቀመጥ ሞኝ ነው። እናም ያን ሁሉ ውሃ ያለ ሰልፍ ሳይ ጀሪካን እንደማስቀምጥ የአባቴን ሸራ ውሃው ጥግ ላይ ወጠርኩት። ጥግ ስል ቀልዴን አይደለም፤ እግር ዘርግቶ ውሃውን መንካት ይቻል ነበር። ገመዱን ከወደቀ ግንድ ጋር ሎሪ ላይ እንደሚታሰረው አድርጌ ጠፍሬ አሰርኩት።

ጉዮ ጭቃውን ጎንበስ ብሎ ካየ በኋላ ወደ እኔ መጣ።

«ሙኒር፣ ይህ ቦታ አይሆንም። ቢሻን ቢራ ሂንቡላን» አለኝ። ውሃ አጠገብ አይታደርም ማለቱ ነው። «ጠጥተህ ትሄዳለህ። ለሚቀጥለው ትለቃለህ።»

«የትኛው የሚቀጥለው? ከእኛ በቀር ማን አለ?»

«ዱካው ይኸው።»

ዱካውን ማየት እችል ነበር። ልጆቹ ሁሉ ግን እያዩኝ ነው፤ የተሾምኩት ደግሞ እኔ ነኝ። «ስማ ጉዮ፣ እዚህ ጎልቦ አይደለም» አልኩት ጮክ ብዬ። «ፍየል ልንጠብቅ አልመጣንም።»

ልጆቹ ሳቁ። ጉዮ አልሳቀም፣ አልተቆጣምም። «ሃያ። ሻውሪ ያኮ» አለኝ፤ እሺ፣ ያንተ ጉዳይ ነው እንደማለት። ቁርበቱን ጠቅልሎ ሽቅብ ወጣና ሣሩ ላይ ብቻውን ተቀመጠ። ወዲያው ነበር ጥፋቴ የተሰማኝ። ግን ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነና ሌላ ገመድ ጨምሬ አሰርኩ።

ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ዝሆኖቹ መጡ። ድምፅ የላቸውም፤ ቀና ስንል ጫካው ዳር ቆመው አየናቸው። ከፊት አንዲት ትልቅ እናት፣ ከኋላዋ ግልገሎች፣ ከዚያም የማይቆጠሩ ጀርባዎች። የበጋው መጨረሻ ስለሆነ ውሃ ያለው እዚያ ብቻ ነው። ወደ እኛ አልመጡም። ቆመው ጆሯቸውን እያራገቡ ይጠብቃሉ። ከላይ ጠባቂው በፉጨት ጠራን፤ ከመምህሩ ጋር ደርሰው ኖሯል። «ሁሉንም ትታችሁ ቀስ ብላችሁ ውጡ! እንዳትሮጡ!»

ሌሎቹ ወጡ። እኔ ግንዱ ሥር ተንበርክኬ ቋጠሮ እፈታለሁ። ያ ጠፍሬ ያሰርኩት ገመድ አልፈታ አለኝ። እናቲቱ አንድ እርምጃ፣ ከዚያ ሌላ እርምጃ ወደ ውሃው መጣች። በዚህ መሃል አንድ እጅ ክንዴን ያዘኝ። ጉዮ ነው፤ ከላይ ተመልሶ ወርዶ ነው።

«ተወው። ተራቸው ነው።»

«አባቴ ሰኞ ይጭንበታል!»

«ሰኞ ገና ነው» አለና ጎትቶ አስነሳኝ።

ከላይ ሆነን አየን። ዝሆኖቹ ረጋ ብለው ወረዱ፣ ረጋ ብለው ጠጡ። አንድ ጎረምሳ ዝሆን ብቻ በሸራው ላይ አቋርጦ ሄደ፤ እግሩ ሲያልፍ ሸራው የተቀደደበት ድምፅ እኛ ድረስ ተሰማ። ፊቴን አዙሬ አለቀስኩ። ጉዮ አጠገቤ ተቀምጦ፣ እንዳላየ ሆኖ፣ ስለ ጉድጓዳቸው ያወራልኝ ጀመር። ጉድጓዱ አባ ሄሬጋ የሚባል ተራ አስከባሪ አለው፤ መቶ ከብት ያለውም አምስት ያለውም እሱን ይሰማል። ያጠጣ ሰው መንጋውን ነድቶ ይርቃል። ገንዳው ውስጥ የቀረውን ደግሞ ሲመሽ አውሬው መጥቶ ይጠጣዋል። «ለዚያ ነው የማናድረው» አለኝ። ስድቤን አላነሳም።

ቅዳሜ ጠዋት በጭጋጉ ውስጥ ወርደን ሸራውን ከጭቃ አወጣነው። መሃሉ ላይ ከአንድ ክንድ በላይ ተቀዷል። እኔ ቁጭ ብዬ ለአባቴ የምናገረውን ውሸት ሳዘጋጅ፣ ጉዮ ከጠባቂው ወስፌ ተውሶ መጣና የሚተኛበትን ቁርበት በቢላዋ ቆረጠው። ከፊሉን መጣፊያ አደረገው፣ ከፊሉን እንደ ክር አቅጥኖ ቀደደው። ውሃ ውስጥ ነክሮ አለሰለሰና መስፋት ጀመረ። የጉድጓድ መቅጃ የቆዳ ባልዲ እንዲህ ነው የሚሰፋው አለኝ፤ ቆዳ ሲረጥብ ያብጣል፣ ወስፌው የበሳውን ቀዳዳ ራሱ ይደፍናል። እኔ ጫፉን ወጥሬ ያዝኩለት። ሲጨርስ ከሰዓት ሆኗል፤ ያን ምሽት የተኛው በባዶ ሣር ላይ ነው። ይቅርታ ልለው ብዙ ጊዜ አፌን ከፍቼ ስለ ሌላ ነገር አወራሁ።

ሰኞ ጠዋት አባቴ ሸራውን መጋዘኑ ደጃፍ ላይ ዘረጋው። መጣፊያው ላይ ሲደርስ ቆመ፤ በአውራ ጣቱ ስፌቱን እየዳበሰ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሄደ። የት እንደወሰድኩት፣ ምን እንደነካው ጠየቀኝ፤ ነገርኩት።

«ማን ሰፋው?»

«እኔ» አልኩ። ለምን እንዳልኩ እስከ ዛሬ አላውቅም። ሌላውን ሁሉ እውነት ከተናገርኩ በኋላ አንድ ጥሩ ነገር ለራሴ ማስቀረት ፈልጌ ይሆናል።

አባቴ አልተቆጣም። ወደ ውስጥ ገብቶ የሚዛናችንን የተበጠሰ የቆዳ ጠፍርና ወስፌ ይዞ ወጣ። «ጎሽ። እንግዲያው ይህንንም ስፋልኝ» አለና ጭነቱን ሊያሠራ ሄደ። ሎሪው ተጭኖ፣ ያ ሸራ ተጎትቶበት፣ ገመዱ ታስሮ እስኪያልቅ ድረስ እኔ ደጃፉ ላይ ተቀምጬ አውራ ጣቴን ወጋሁ። ጠፍሩ ያው እንደተበጠሰ ነው። አባቴ ተመልሶ አጠገቤ ቁጢጥ አለ።

«ሸራዬን ሳትጠይቅ ወሰድክ፤ ይሁን፣ የቤትህ ዕቃ ነው» አለኝ ቀስ ብሎ። «የሰው የእጅ ሥራ ግን ያንተ አይደለም። ማነው?»

«ጉዮ።»

ሎሪው ተነስቶ ሳይርቅ ዝናቡ ወረደ። በሳምንቱ ሾፌሩ ሲመለስ፣ በጠርዙ በኩል ሁለት ጆንያ መርጠቡንና በመጣፊያው በኩል ግን ጠብታ አለመግባቱን ነገረን። አባቴ ያኔውኑ ጉዮን ለምሳ እንድጠራው ላከኝ። ጠረጴዛው ላይ ሩዝና ሥጋ ቀርቦ፣ አባቴ «ይህ ልጄ ስፌቱ የእኔ ነው ብሎኝ ነበር» አለው። መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ። ጉዮ እጁን ሳህኑ ላይ እንዳደረገ ወደ እኔ አየ።

«ይዞልኝ ነበር፣ ጋሼ» አለ። «እሱ ባይወጥረው አልሰፋውም ነበር።»

በዚያች ቀን ዱላ ይሻለኝ ነበር።

ቅዳሜ ዕለት ይህን ሁሉ ለልጆቹ ነገርኳቸው፤ ስለ ፍየል መጠበቅ ያልኩትንም ሳልደብቅ። ቱሜ ድንኳኑን ትታ አፍጥጣ ትሰማኝ ነበር፤ የጉዮ ልጅ ናትና ታሪኩን ከአባቷ ሰምታ እንደሆነ ጠየቅኳት። ሰምታ አታውቅም። እያወራን ራሱ ጉዮ ከጎልቦ ደወለላትና ስልኩን ለእኔ ሰጠችኝ።

«የት ሊተክሉት ነው?» አለኝ ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርስ።

«ከላይ፣ ሣሩ ላይ። ከውሃው ርቀው።»

«ማን ነገራቸው?»

«አንተ ነህ የነገርካቸው። በስምህ ነው ያስተላለፍኩት።»

«ፍየል ልንጠብቅ አልመጣንም አላሉህም?» ብሎ ሳቀ።

ሠላሳ ዓመት አብረን ስንበላ፣ ስንድርና ስንቀብር አንድ ቀን አንስቶት አያውቅም። የረሳው መስሎኝ ነበር፤ እሱ ግን አስቀምጦት ኖሯል፤ እኔ አንስቼ እንዳነጋግረው ተራውን ለእኔ ትቶ ይመስለኛል። ቁጭ ካልኩበት በርጩማ ተነሳሁ።

«ፖሌ፣ ጉዮ፣ ይቅር በለኝ» አልኩት። «ያኔ ነበር ማለት የነበረብኝ።»

«ሃያ» አለኝ። «ቁርበቴን ግን አስቆርጠህኝ ቀረህ።»

በማግስቱ ገበያ ወርጄ ጥሩ የለፋ የፍየል ቁርበት መረጥኩ። ቱሜ ከማርሳቢት ስትመለስ ለአባቷ ታደርስልኛለች።