የእትዬ ሸራ

ነፋሱ ከብቅል ፋብሪካው በኩል ሲነሳ አሰላ የረጠበ እህል ትሸታለች። ጣፋጭ፣ ሞቅ ያለ፣ ትንሽ ኮምጠጥ ያለ ሽታ ነው። የተከራየሁት ክፍል መስኮት ወደዚያ ይከፈታል። ጎረቤቶቼ ሽታውን ይወዱታል። እኔ ተነስቼ መስኮቱን እዘጋለሁ። ለምን እንደምዘጋው የጠየቀኝ ሰው አልነበረም፤ አንተ ጠየቅኸኝ።

ያደግሁት ከሳጉሬ ወጣ ብሎ ባለ የስንዴ አገር ነው። ኅዳር ላይ ኮምባይነር ሲመጣ ማሳው ትንንሽ፣ ባለማሳው ብዙ ስለሆነ ተራ የሚያዘው በዕጣ ነበር። የዕጣውን ዝርዝር እኔ እጽፍ ነበር። ገና አሥራ ሰባት ዓመቴ ቢሆንም ጽሕፈቱ ይነበባል፣ ለማንም አያዳላም ብለው መረጡኝ። ሁሉም ባለማሳ ከአዲሱ ስንዴ አንዳንድ ዳቦ ጋግሮ ለጸሐፊው ያመጣል። ደመወዜ እሱ ነበር።

በዚያ ዓመት ሰባተኛዋ እትዬ ነበሩ፣ ስምንተኛው አባቴ። እትዬ የምላቸው ጎረቤታችን ባላቸው ከሞቱ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል። ያላቸው ከእኛ ጋር የምትዋሰን አንዲት ቁራጭ ማሳ ናት፤ የዓመት ቀለባቸውም እሷው። ተራቸው በሚደርስበት ቀን ጠዋት መጥተው የታጠፈ ሰማያዊ ሸራ ክንዴ ላይ ጣሉልኝ።

«ጆንያ አንሶኛል፣ ሳጉሬ ደርሼ ልምጣ። ካልደረስኩ አንተ ቁምልኝ። ኮምባይነሩ ስንዴዬን እዚህ ላይ ያፍስስልኝ።»

«እሺ፣ እትዬ።»

«አንተ እያለህ ምን አስጨነቀኝ!»

ተራቸው ሲደርስ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነበር። የገለባው ብናኝ ፀሐይዋን ቢጫ አድርጓታል። በጭላሎ ተራራ በኩል ሰማዩ ያለወቅቱ ጠቁሮ ነበር፤ ነፋሱም ድንገት ቀዘቀዘ። ኦፕሬተሩ ሞተሩን ሳያጠፋ ከላይ ጮኸ።

«ጸሐፊው! ቀጥሎ ማነው? ወይስ ማንበብ አቃተህ? ከዘነበ አታገኙኝም፣ ነገ ኢተያ ነኝ!»

አባቴ አጠገቤ ቆሞ ነበር። ሰማዩን አየ፣ ማሳችንን አየ፣ ጉሮሮውን ጠረገ።

ወረቀቱ እጄ ላይ ነው። የእሳቸው ስም በራሴ ጽሕፈት ከእኛ በላይ ተጽፏል።

«እትዬ የሉም» አልኩ። «ሳጉሬ ሄደዋል።»

እውነት ነበር።

«የሌለ ሰው አልጠብቅም! ቀጣዩ!» አለና ኮምባይነሩን ወደ እኛ ማሳ አዞረው።

ትክክለኛውን አላወቅሁም ነበር ማለት አልችልም። እዚያ ከቆመው ሰው ሁሉ አጥርቼ የማውቀው እኔ ነበርኩ። ያስገደደኝም የለም። ለራሴ ያልኩት «የእኛ ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ ነው፣ ከዚያ የእሳቸው» የሚል ነበር። ያን ስል ሸራቸውን በክንዴ እንደያዝኩ ነኝ።

የእኛ ሊያልቅ ሲል የመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች ወደቁ። ስንዴያችን መሬት ላይ ባነጠፍነው በራሳችን ሸራ ላይ ተቆልሎ ሜዳ ላይ ቀርቷል።

«ያንን አምጣ!» አለ አባቴ።

ሰጠሁት። በእትዬ ሸራ የእኛን ስንዴ ሸፈንን።

እትዬ ባዶውን ጆንያ ራሳቸው ላይ ደፍተው በዝናቡ ውስጥ ሲመጡ ኮምባይነሩ ሄዷል። ማሳቸውን አዩ። ሸራቸውን አዩ።

«እኔው ነኝ የዘገየሁት» አሉ። «ሚኒባሱ አልሞላ ብሎ ነው። በሉ፣ የእናንተ እንኳን ተረፈ።»

ያኔ መናገር እችል ነበር። ጎንበስ ብዬ የሸራቸውን ጫፍ ማስተካከል ያዝኩ።

አራት ቀን ዘነበ። በአምስተኛው ቀን ከድንበሩ ላይ ሆኜ የማሳቸውን አንድ ዛላ ቀጠፍኩ። ፍሬው ዛላው ላይ እንዳለ ነጭ ሥር አውጥቷል። ሽታው ይኸው ዛሬ በመስኮቴ የሚገባው ነው።

በሚቀጥለው ዓመት ዝርዝሩን ሌላ ሰው ይጻፍ ብዬ ነበር። «እሱን ትተን ማንን እንመን?» ብለው የተቆጡት እትዬ ናቸው። አሰላ ከገባሁ ወዲህ ልነግራቸው ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ፤ ሁለቴም ጤናቸውን ጠይቄ ተመለስኩ። አምና ዐረፉ።

ዝናቡ በመታን በዚያ ዓመት ግን እትዬ የተረፈውን በማጭድ አጭደው፣ ወቅተው አስፈጩት። አንድ ቀን ከሰዓት በነጠላ የተጠቀለለ ዳቦ ይዘው በራችን ላይ ቆሙ።

«የጸሐፊው ድርሻ» አሉ።

«እትዬ፣ ዘንድሮስ ይቅር።»

«ምን ሲደረግ! ዝናብ ለወሰደብኝ አንተን ላስርብህ? እንካ፣ ብላ።»

ቆርሰው ሰጡኝ። መሃሉ አልነሳ ብሎ ጣት ላይ ይጣበቃል። የበቀለ ስንዴ ዱቄት እንዲያ ነው፤ ግን ማር የነካው ይመስል ይጣፍጣል። አፌን አፌን ያዩ ነበር።

«ጣፈጠህ፣ ልጄ?»

«አዎ» አልኩ።

ያም እውነት ነበር።