ላጲስ የማይገባበት ክፍል

ጤና ጣቢያው ካርድ ክፍል ሥራ የጀመርኩ ቀን እስክሪብቶ፣ እርሳስና አዲስ ላጲስ ይዤ ሄድኩ። የክፍሉ ኃላፊ አቶ ደምሴ ዕቃዬን አንድ በአንድ አዩና ላጲሷን አንስተው መሳቢያቸው ውስጥ ቆለፉባት።

«ይቺ እዚህ ክፍል አትገባም» አሉኝ።

«ምነው ጋሼ፣ ብሳሳትስ?»

«ስትሳሳቺ አንድ መስመር አስምሪበት፤ የቀድሞው ይነበብ። ትክክሉን ከላይ ጻፊ። ስም አይፋቅም።»

ላጲሴን ፈልገዋት ነው ብዬ በሆዴ አማኋቸው። እሳቸው ግን አገሩን ያውቁ ነበር። እኛ መንዞች ዘንድ ሴት ልጅ ስታገባ አማቷ ስም ታወጣላታለች። እኔን ራሴን እናቴ አስካለ ብላ አሳደገችኝ፤ አማቴ ደግሞ ብርነሽ አለችኝ። የክርስትና ስሜ ሲጨመር ሦስት ነኝ። እንዲህ ያለች ሴት ስትታመም ማን ነኝ ብላ እንደምትመጣ በምን ይታወቃል?

አቶ ደምሴ ጡረታ ሲወጡ የመሳቢያውን ቁልፍ አስረከቡኝ። ከዚያ ወዲህ ሃያ ዓመት ካርድ ሳወጣና ስመልስ ኖርኩ። በሽተኞቹን ከመዝገብ ይልቅ በመልካቸው ነበር የማውቃቸው። «ከዘመሮ የመጣችው፣ ያቺ ጥርሷን ያመማት» ብሎ መጠየቅ ለእኔ በቂ ነው።

ኮምፒዩተር ሲመጣ አኮረፍኩ። አዲሱ የጤና ጣቢያ ኃላፊ ልጄ የሚሆን ሰው ነው፤ ቢሮው አስጠራኝ።

«እትዬ አስካለ፣ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ሲባል አልሰሙም?»

«ሰምቻለሁ። እኔ ወረቀቱ ነኝ፤ ሞኙን እርስዎ ይፈልጉት» አልኩት።

ሳቀ፤ ግን አልተወኝም። ወይ እማራለሁ፣ ወይ ክፍሉን ለሚችል እለቃለሁ። እንግዲህ ምን ይደረጋል፣ ተማርኩ።

አስተማሪዬ ፍሬሕይወት ትባላለች፤ ዓለም ከተማ ከምትባል ከተማ የመጣች የኮምፒዩተር ባለሙያ ናት። ትዕግሥቷን የሰጣት አምላክ ይመስገን። የምማረው የኮምፒዩተር ቋንቋ ጃቫስክሪፕት እንደሚባል፣ ድረ ገጽ የሚታዘዝበት እንደሆነ፣ ኢንተርኔት ባይኖርም እዚያው ኮምፒዩተሩ ላይ እንደሚሠራ ነገረችኝ። ከዚያ ተለዋዋጭ ወደሚሉት ነገር ገባች።

«እንደ ጣሳ ይዩት። ጣሳውን ‹ስም› ብለን እንጠራዋለን። ከእኩል ይሆናል ምልክቱ በኋላ የጻፉት ይገባበታል። ሌላ ሲያስገቡበት የፊተኛው ይፈሳል።»

«ይፈሳል? የት ይሄዳል?»

«የትም። ጠፋ ማለት ነው።»

እሺ ብዬ ደብተሬ ላይ ጻፍኩት። መብራት በሌለ ቀን ደብተር ላይ ነበር የምለማመደው፣ እቤቴ፣ በእርሳስና በሌላ ላጲስ። መብራት ሲመጣ የጻፍኩትን ወደ ኮምፒዩተሩ እገለብጣለሁ። አንድ ጊዜ ገጹ ነጭ ሆኖ አልናገር አለኝ። ግማሽ ቀን ሙሉ ስሰድበው ውዬ ለካ አንድ ቅንፍ ሳልዘጋ ቀርቼ ኖሯል። ስዘጋው ሠራ። እልል ብዬ ተራ የሚጠብቀውን በሽተኛ ሁሉ አስደነገጥኩ።

በመጨረሻ የራሴን ገጽ ሠራሁ። ሙሉ ስም ሲጻፍ የካርዱን ቁጥር ያወጣል፤ ስም ለመለወጥ ደግሞ «አስተካክል» የሚል ቁልፍ አለው። ፍሬሕይወት አይታ «ጎበዝ!» አለችኝ። ስምን ከካርድ ቁጥር ጋር የያዘውን የድሮውን የስም ማውጫ መዝገብ ወደ ዕቃ ቤት አስወጣሁት። ኩራቴ ልክ አልነበረውም።

አንድ ቀን አንዲት አማት ነፍሰ ጡር ምራቷን ይዛ መጣች። ልጅቱ ከጋብቻዋ በፊት በለጡ ተብላ ካርድ ነበራት። አማትየዋ «እናታለም በይ፤ የእኛ ቤት ስሟ እሱ ነው» አለችኝ። ልጅቱ አንገቷን ደፋች። ካርዱ ላይ እንደ አቶ ደምሴ አንድ መስመር አስምሬ አዲሱን ስም ከላይ ጻፍኩ። ኮምፒዩተሩ ላይ ግን «አስተካክል»ን ተጫንኩ። ምንም አልመሰለኝም።

ከወራት በኋላ፣ ረፋድ ላይ፣ አንዲት ወላድ ቀየት ከሚባለው አገር በኩል በቃሬዛ መጣች። እንደ ወጉ ለመውለድ እናቷ ቤት ገብታ ነበር። ውኃዋ ከፈሰሰ ሁለተኛ ቀኗ ነው፤ ትኩሳቱ አስቀባጥሯታል፤ ለጠየቋት አትመልስም። ፊቷ አብጦ እኔም አላወቅኋት። አዋላጇ ሲስተር አልማዝ መርፌ አዘጋጅታ እየሮጠች መጣች።

«እትዬ አስካለ፣ ካርዷን ቶሎ! የማይስማማት መድኃኒት ካለ ማወቅ አለብኝ።»

እናትየዋን ስም ጠየቅኳት። «በለጡ» አለችኝ። ከነአባቷ ስም ጻፍኩ። የለም። ደግሜ ጻፍኩ። የለም። ያኔ ጣሳው ትዝ አለኝ። ስሟን ያፈሰስኩት እኔ ነኝ። የድሮውን መዝገብ ዕቃ ቤት ገብቼ ልፈልግ ብል ጊዜ አይበቃም።

«እናቴ፣ በባሏ ቤት ማን ይሏታል?»

ፊቷን አዞረች። «እኔ ምን አውቄ። እኔ በለጡ ብዬ ነው የወለድኳት።»

«እግዚአብሔር ያሳይዎ! ያን ስም ካልነገሩኝ ካርዷን አላገኘውም። መርፌው ሊገድላት ይችላል።»

ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። ከዚያ ስሙን ከጉሮሮዋ እንደ እሾህ አወጣችው። «እናታለም ይሏታል።»

ቁጥሩ ወዲያው ወጣ። ካርዱን ስስብ በለጡ ከመስመሩ ሥር ይነበባል፤ እናታለም ከላይ አለ። ውስጡ በቀይ ቀለም «ፔኒሲሊን አይስማማትም» ይላል። ሲስተር አልማዝ አንብባ በእጇ የያዘችውን መርፌ አስቀመጠች፤ ሌላ መድኃኒት ሰጠቻት። ከቀትር በፊት ሴት ልጅ በሰላም ተገላገለች።

እኔ ዕቃ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ከዚያ ኃላፊው ዘንድ ሄጄ ጥፋቱ የእኔ እንደሆነ ነገርኩት፤ መዝገቡንም መለስኩ። ፍሬሕይወትን «የማያፈስ ጣሳ የለም ወይ?» አልኳት።

«አለ እንጂ። ዝርዝር ይባላል። አዲሱ ከፊተኛው ቀጥሎ ይሰለፋል።»

ገጼን ወደ ዝርዝር መቀየር ሦስት ቀን ፈጀብኝ። መጀመሪያ የሞከርኩት በራሴ ካርድ ነው።

በለጡ ከጤና ጣቢያው ስትወጣ እናቷ መስኮቴ ላይ መጣች። «እኔ ያወጣሁላትን ስምስ መልሰሽ ጻፍሽው?»

ኮምፒዩተሩን አዞርኩላት። «ይኸው፣ የእርስዎ ይቀድማል። ቁጥሩ ዜሮ ነው።»

«ዜሮ! ምን በደልኩሽ?»

«እናቴ፣ በዚህ ቋንቋ ቆጠራ የሚጀመረው ከዜሮ ነው።»

«እንዲያ ከሆነስ ይሁን» አለችና ሳቀች። ከዚያ ዝቅ ብላ «ያንን የእነሱንም ስም ተይው፤ አትሰርዢው» አለችኝ።

ዘንድሮ ጡረታ እወጣለሁ። ክፍሉን የሚረከበኝ ሰው አስካለም ብሎ ቢፈልግ፣ ብርነሽም ብሎ ቢፈልግ ያው የእኔ ካርድ ይወጣል። ላጲሷ አሁንም መሳቢያው ውስጥ ናት፤ ቁልፉን አስረክባለሁ። ስም ይጨመራል እንጂ አይፋቅም።