ፊኛው አልከፈት ያለ ዕለት

ጌታ ይመስገን ወገኖቼ! ቁጭ ብዬ የሌላውን ምስክርነት መስማት ይሻለኝ ነበር። ግን ጌታ ያደረገልኝን ሳልናገር መቅረት አልቻልኩም። አንገቴን ብደፋ አትፍረዱብኝ፤ ነገሩ ያሳፍራል።

እዚሁ ሸዋ ሮቢት የሚኒባስ ሾፌር እንደነበርኩ ታውቃላችሁ። ታላቅ እህቴ አስካለ ጌታን ከተቀበለች ወዲህ ቤቷን አልረግጥም ነበር። አንድ ቀን ከደብረ ሲና ቁልቁለቱን ስወርድ ደረቴን ጨምድዶ ያዘኝ። እንደምንም ዳር ይዤ አቆምኩና መሪው ላይ ተደፋሁ። ወሬውን ሰምታ የደረሰችልኝ፣ አዲስ አበባ ድረስም ይዛኝ የሄደችው ያቺው አስካለ ናት። ሃሌሉያ!

ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ጮክ ብላ ትጸልያለች፤ ሰው ሁሉ ያየናል። አንዲት ነርስ መጥታ፣ «ጋሼ፣ እኚህ ሴትዮ ምንዎ ናቸው?» አለችኝ።

«ጎረቤቴ ናቸው» አልኩ።

ወገኖቼ፣ አስካለ ሰማች። ጋቢዬን አስተካከለችልኝ።

ከዚያ አስገቡኝ። በእጄ አንጓ በኩል ቀጭን ሽቦ ወደ ልቤ ሰደዱ። የጠበበውን ደም ሥር በምትነፋ ትንሽ ፊኛ ከፍተው፣ ስቴንት የሚሉትን የሽቦ ቱቦ ሊያስቀምጡ ነው። ያደነዘዙኝ እጄን ብቻ ስለነበር ሁሉን እሰማለሁ። ዶክተሩ፣ «ፊኛው አልከፈት አለ» አለ። ቀጥሎ ለኔ፣ «ጋሼ፣ ደም ሥርዎ ውስጥ ካልሲየም ተጋግሮ ድንጋይ ሆኗል። በትንሽ መሰርሰሪያ ልንፍቀው ነው። አደጋ አለው፤ እንቀጥል?» አለኝ።

«ቀጥሉ» አልኩ። መሰርሰሪያው ሲጮህ ግን ከፍርሃት የተነሳ ሽንቴ አመለጠኝ። ጌታን ልጥራው ብል አፈርኩ፤ በምን አፌ? አፌን ስከፍት የወጣው፣ «የአስካለ አምላክ፣ አትተወኝ!» የሚል ነው።

ዶክተሩ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳይነቅል፣ «አስካለ ማን ናት?» አለኝ።

«እህቴ ናት! ውጭ ያለችው እህቴ ናት!» ብዬ አለቀስኩ።

ክብር ለጌታ! ድንጋዩ ተፋቀ፣ ፊኛው ተከፈተ፣ ስቴንቱ ገባ። ሲያወጡኝ፣ «አስካለ፣ ካድኩሽ እኮ» ስላት፣ «አሁን አትናገር፣ ያምሃል» አለችኝ። እዚያው አልጋዬ ላይ እጄን ይዛ ጸለየችልኝ፤ ጌታን ተቀበልኩ።

ያለ ሐኪም የዳንኩ አድርጋችሁ የምታወሩ አላችሁ። አይደለም። ጌታ ሐኪሞቹን ይባርክ፣ መድኃኒቴን ዛሬም እውጣለሁ። ሞት ሲያስፈራራኝ ብቻ እሱን መጥራቴ እስካሁን ያሳፍረኛል። እሱ ግን አላፈረብኝም፤ ስሙ ይባረክ! ከእናንተም መካከል አፍሮ በር ላይ የቆመ ካለ፣ ሀፍረቱ እስኪለቀው አይጠብቅ። እንዳፈረ ይግባ።